የወንበሩ ግራ ጎን

የልጅ ልጄ «እምዬ፣ ሞተር ልገዛ ነው» ያለችኝ እኔ የሱሪ ጠርዝ እያጠፍኩ፣ እሷ በሩ ላይ ተደግፋ ጫማዋን እያወለቀች ሳለ ነው። ደስ አለኝ። የልብስ ስፌት መኪናዬ በእግር የሚረገጥ ነው፤ ጉልበቴ ደግሞ ከዓመት ወዲህ ከድቶኛል። አንድ ቀን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አስገጥምልሻለሁ ስትለኝ ከርማለች። እናም መርገጫውን አቁሜ «እሰይ የኔ ልጅ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ ክፉ አይንካሽ» ብዬ መረቅኋት። ደህነኛውን እንድትገዛም መከርኳት፤ ርካሹ ቶሎ ይግላል፣ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል አልኳት።

«ቤት ውስጥ አይገባም እኮ እምዬ፣ ደጅ ነው የሚቆመው።»

«ታዲያ እኔ ደጅ ወጥቼ ልሰፋ ነው?»

ተያየን። ቀድሞ የገባው ለእሷ ነው። ሳቋን ልትይዘው ሞክራ አልሆነላትም፤ አንድ ጫማዋን እንዳንጠለጠለች መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ ሲገባኝ ግን ሳቅ የሚባል ነገር የለም። ለካ ሞተር ያለችው ያን ሁለት ጎማ ያለውን፣ በጭነት መኪናዎች መሀል ሽው የሚለውን፣ በመስኮቴ ሥር ባለፈ ቁጥር ደንግጬ እግሬን ከመርገጫው የማነሳለትን ነው። ምርቃቴን መልሺልኝ አልኳት። አንዴ ከአፍሽ ወጥቷል፣ አልመልስም አለች።

ጥድፊያ ነው የምላት። ከወሯ ቀድማ ተወለደች፤ ሳትድህ ቆመች፤ አሁን ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቷት እንኳ ደረጃ ሁለት ሁለቱን ነው የምትወርደው። አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ አግኝታ ኖሯል። ሥራው ከየክሊኒኩ የደም ናሙና በበረዶ ሣጥን እየሰበሰቡ ሳይበላሽ ለመርማሪዎቹ ማድረስ ነው። ሰኞ ትጀምሪያለሽ ብለዋታል፣ የራሷን ሞተር ይዛ ከመጣች። ካልመጣች ቦታውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ። ይህን ስትነግረኝ ቀኑ ረቡዕ ነው። መንጃ ፈቃድስ ብላት ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። አራት ወር ሙሉ «ኮምፒውተር ልማር» እያለች በጠዋት የምትወጣው ለካ ሜዳ ላይ ስትነዳ ነው። ዋሽተሽኛል አልኳት። «አልዋሸሁም፣ ኮምፒውተሩ ጎማ ነበረው» አለች።

እኔ ይህችን ልጅ ዝም ብዬ አይደለም የምፈራላት። እናቷ ራቅ ያለ ከተማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ትሠራለች። ልጅቷን በአራት ዓመቷ እጄ ላይ ስታስቀምጣት «እንደሰጠሽኝ እጠብቅልሻለሁ» ብያት ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ እኔ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ዓይኔን ጠበብ ባደረግሁባት ቅጽበት፣ ልጅቷ ከደረጃው ተንከባለለች። አገጯ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጭረት ቀረች። እናቷ ለእረፍት ስትመጣ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ያየችው ያችን ጭረት ነው። አየቻትና ምንም አላለችኝም። ምነው በተቆጣችኝ። ቢያንስ እመልስላት ነበር። ይኸው እስከዛሬ ድረስ መርፌ ባነሳሁ ቁጥር መጀመሪያ ልጅቷ የት እንዳለች አያለሁ፣ እሷ ደግሞ ከእኔ በሁለት ጭንቅላት ትረዝማለች።

እና ምን አደረግሁ? ሐሙስ በጠዋት ብሎን ዘንድ ሄድኩ።

ብሎን የሠፈራችን ሞተር ጠጋኝ ነው። ስሙን ያወጡለት ኪሱ ውስጥ ብሎን ስለማይጠፋ ነው፤ በዚሁ ምክንያት የሚቀደደውን ኪሱን የምሰፋለትም እኔ ነኝ። የሞተር ወንበር ሲተረተር ነቅሎ ለእኔ ያመጣል። ስምንት ዓመት ሙሉ የሞተር ወንበር ስሰፋ ኖሬ ሞተሩን አንድ ቀን ልብ ብዬ አላየሁትም። ወንበሩን ግን አውቀዋለሁ። ወንበር አይዋሽም። ፊቱ ብቻ ያለቀ እንደሆነ ባለቤቱ ቸኳይ ነው፣ ወደ ፊት እየተሳበ ይነዳል። የኋላው ስፌት የተሳሳ እንደሆነ ሁልጊዜ ሰው ይጭናል። አንዴ ከኋላ በኩል በጎንና በጎን የጥፍር ምልክት ያለበት ወንበር መጣልኝና «የዚህ ሰውዬ ሚስት ትፈራለች» አልኩት። ብሎን ባለቤቱን ጠይቆ እየሳቀ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ወንበር ባመጣ ቁጥር ማን እንደተቀመጠበት ሳያስገምተኝ አይሄድም።

ያን ቀን ግን ለጨዋታ አልሄድኩም። ልጅቷ ሞተር ስትመርጥ አብረሃት ሂድ፣ ስለምታምንህ ትጠይቅሃለች፣ አንተም እያንዳንዷ ላይ አንድ እንከን አውጣላት፣ እስከ ሰኞ ብቻ አልኩት። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጠርጎ ሲያበቃ፣ ውሸት አይሆንልኝም፣ ስዋሽ ጆሮዬ ይቀላል አለኝ።

«ኮፍያ አድርግ» አልኩት።

አደረገ። ከሰዓት በኋላ ያ ሁሉ ፀሐይ እያለ፣ ጆሮው ድረስ የተሳበ የሱፍ ኮፍያ ደፍቶ መጣ። ጥድፊያ አሞህ ነው ወይ ስትለው እኔ ፈጠን ብዬ ጉንፋን ነው አልኩላት።

መጀመሪያ የሄድነው ትልቅ መስታወት ያለው መደብር ነው። ክራባት ያሰረው ሻጭ ልጅቷን አልፎ ብሎንን ሰላም አለና ሞተሩ ለእሱ መሆኑን ጠየቀ። ለእሷ ነው ሲባል ወደ እሷ ዞሮ «ለወንድምሽ ነው?» አላት። ለወንድሜ ቢሆን ወንድሜ ይመጣ ነበር አለችው። ከዚያ ፊቷ ላይ ቅርጫት ያለባትን ትንሽዬ ሞተር አሳያት፣ የእጅ ቦርሳ ማስቀመጫ ናት እያለ። ጥድፊያ ቅርጫቱን እንኳ አላየችም። ከኪሷ አንድ ደብተር አወጣች። ደብተሩን ሳይ ደነገጥኩ፤ ገጹ በሙሉ ጥያቄ ነው። እኔ በእሷ ዕድሜ ያን ያህል ጥያቄ አልነበረኝም።

በየሞተሩ ላይ እየወጣች ሁለት እግሯ መሬት መርገጡን አየች። የበረዶ ሣጥኑ ከኋላ የሚታሰርበትን ብረት ነቀነቀች። ቀጥላ ከጥግ የቆመችውን ቀይ ያገለገለች ሞተር አሳየችውና «ስትወድቅ ብቻዬን ላነሳት እችል እንደሆነ ልሞክር» አለች። ሻጩ ለምን ትወድቃለች አለ። እኔም ለምን ትወድቃለች አልኩ። በሕይወቴ ከክራባት ለባሽ ጋር እንዲህ ተስማምቼ አላውቅም።

ካርቶን አንጥፋ ሞተሯን ቀስ አድርጋ አጋደመቻት። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠቻት፣ ቁጢጥ አለች፣ አንድ እጇን መሪው ላይ፣ አንድ እጇን ከወንበሩ ሥር አድርጋ፣ ወገቧን አስደግፋ በእግሯ ወደ ኋላ እየተራመደች ተነሳች። ከእሷ በእጥፍ የምትከብደው ብረት አብራት ተነሳች! ከድንጋጤዬ ስመለስ ግን የመጣልኝ ጥያቄ ነው። ለምን በጀርባ? አልኳት። በፊት ከሆነ ወገብ ይቀጫል፣ በጀርባ ከሆነ ጉልበቱ ከእግር ነው አለችኝ። እህ። ጉዳዩ ጆሮዬን ሳበው። ይሄ እጀታስ ምንድን ነው ብዬ ሻጩን ጠየቅሁት። ፍሪሲዮን ይባላል፣ ሲጨበጥ ሞተሩ እየሠራ ጎማው ይቆማል አለኝ። ይሄንማ አውቀዋለሁ፤ መኪናዬ ላይ ክር ሳጠነጥን የጎኑን ጎማ ፈታ አደርገዋለሁ፣ እኔ እረግጣለሁ፣ መርፌው ይቆማል። ይህንኑ ስነግረው ሻጩ ክራባቱን ነካ አድርጎ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲህ ቶሎ የገባው ደንበኛ አላጋጠመኝም አለ።

የመጣሁበት ትዝ ያለኝ ብሎን ሲያስል ነው። ጥድፊያ ይቺ ቀይዋ እንዴት ናት ብላ ጠየቀችው። ብሎን ኮፍያውን ወደ ታች ሳብ አደረገና «ድምጿ አልጣመኝም» አለ።

«ገና አልተነሳችም እኮ» አለ ሻጩ።

«እሱ ነው ያልጣመኝ።»

ዋጋዋም ከፍ ያለ ስለነበር ወጣን። ጥድፊያ መንገዱን ሙሉ ብሎንን በጎን ስታየው ነበር።

ዓርብ ደግሞ አንድ ዳቦ አከፋፋይ የሚሸጣትን ጥቁር ሞተር ለማየት ከዳቦ ቤቱ ጓሮ ሄድን። እኛ ስንደርስ አንድ ሌላ ገዢም ግድግዳ ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል። ሞተሯ ደህና ነበረች። ለእኔ እንኳ ደህና ነበረች፤ ወንበሯ እኩል ያለቀ ነው፣ ዱቄት ከስፌቱ ውስጥ ገብቶ ነጭ መስመር ሠርቷል። ብሎን ግን እኔን አየ፣ ኮፍያውን ሳበ፣ ካቴናዋ ተበልቷል አለ። ካቴና የኋላውን ጎማ የሚያሽከረክረው ሰንሰለት ነው። ጥድፊያ ደብተሯን ገለጠች፣ አነበበች፣ ቁጢጥ ብላ ሰንሰለቱን ከጥርሱ ላይ በጣቷ ሳበችው። ያለቀ ሰንሰለት ከጥርሱ ይነሳል፤ ይሄኛው ንቅንቅ አላለም። ተነሳችና ምንም ሳትናገር ወደ ብሎን ሄዳ ኮፍያውን ከራሱ ላይ አነሳችው።

ጆሮው የትራፊክ መብራት ሆኖ ነበር።

ኮፍያውን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። «እምዬ፣ ይሄ ስፌት የማን ነው?» አለች። ከጠርዙ ላይ የራሴን እጅ ሥራ አየሁት። ምን ልበላት? እሷ እኔን፣ እኔ መሬቱን ስናይ ያ ግድግዳ የተደገፈው ሰውዬ ቁልፉን ተቀበለ። ጥቁሯ ሞተር ከዓይናችን ሥር ተሸጠች።

ቤት ስንደርስ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። የሁለቱን ጫማዎቿን ክር ፈትታ፣ አስተካክላ በር ሥር አኖረቻቸው፤ እሷ ጫማ የምታስተካክለው ሲከፋት ነው። አራት ወር ያልሽኝ ኮምፒውተርስ ልላት አሰብኩና ተውኩት። እሷ የዋሸችው እኔ እንዳልጨነቅ ነው፤ እኔ የዋሸሁት እሷ ሥራ እንድታጣ ነው። ይሄ አንድ አይደለም፣ ስፌት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይለየዋል።

መጨረሻ ላይ መጥታ ከፊቴ ቁጭ አለችና አገጯን በጣቷ ነካች። «በዚች ጭረት የተነሳ ዕድሜዬን ሙሉ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ልኑርልሽ?»

ቀጥላም፣ ነገ አንድ የመጨረሻ ሞተር አያለሁ፣ ብሎንን ያለ ኮፍያ ይዤው እሄዳለሁ፣ አንቺ ቤት ትቆያለሽ አለች። አፌን ዘግቼ ልከተልሽ ብዬ ለመንኳት። እሺ አለች፣ ግን አንድ ቃል ካወጣሽ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እኔና አንቺ ስለ ሞተር አንነጋገርም። ማልኩላት።

ቅዳሜ የሄድነው ጡረታ የወጡ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ቤት ነው። ግቢያቸው የተጠረገ፣ ባልዲዎቹ በቁመታቸው የተደረደሩ። ሞተሯ ግራጫ ናት፤ በአልጋ ልብስ ተሸፍና ጥላ ሥር ቆማለች። ሰውዬው ልብሱን የገለጡላት እንደ ተኛ ልጅ ነው። ሃያ ዓመት በእሷ ከቤት ቤት እየዞሩ ቆጣሪ አንብበዋል። እያንዳንዷን ጭረት በጣታቸው እየነኩ ታሪኳን ነገሩን፤ ይቺ የብረት በር ናት፣ ይቺ የአንድ ክፉ ውሻ፣ ይቺ ደግሞ የራሴ ጥፋት ናት አሉ። ልጅቷ ከልቧ ሰማቻቸው። እኔም ሰማሁ። አንድ ሰው ጭረት እንዲህ ሳያፍርበት ሲያወራ መስማቴ የመጀመሪያዬ ነው።

«ደግሞ ልብ በይ ልጄ» አሉ፣ «አንድም ቀን ተፈትታ አታውቅም።»

የውስጥ ሞተሯ ተከፍቶ አያውቅም ማለታቸው ነው። ባለቤታቸው ግን ከበሩ ላይ ሆነው፣ እኔን ሁለት ጊዜ ሊፈታኝ ሽማግሌ ተቀምጧል፣ እሷን ግን እንዲህ ጨክኖባት አያውቅም አሉ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል አፌን በመዳፌ ያዝኩት፤ ሳቅ ቃል ይሁን አይሁን አልተነጋገርንም ነበርና።

ብሎን ጆሮውን አጋልጦ ሥራውን ሠራ። እሳት የምትለኩስባትን ካንዴላዋን አወጣ፣ ዘይቷን በጣቱ አሸት አደረገ፣ ሰንሰለቷን ሳበ። በአንድ እርግጫ ተነሳች። ድምጿ ዘይት የጠገበ የስፌት መኪና ነው፣ ቅልብጭ ያለ፣ ክሩ የማይዘል። ጥድፊያ ወጣችባት። ሁለት እግሯ መሬቱን ሞላ። ፊቷን አየሁት፤ ልጅ ሆና አዲስ ልብስ ስለካላት መስታወት ፊት የምታሳየኝ ፊት ነው። ከዚያ ወርዳ ወደ ሽማግሌው ዞረች፣ እሺ ልትል አፏን ከፈተች።

ያን ጊዜ ወንበሩ ታየኝ።

የግራ ጎኑ ስፌት ሳስቶ ስፖንጁ ሊታይ ደርሷል። የቀኝ ጎኑ ትናንት የተሰፋ ይመስላል። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ወንበር አልመጣልኝም። ሽማግሌው አንካሳ ይሆኑ ብዬ አረማመዳቸውን አየሁ፤ ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። ሰውየው ቀጥ ያሉ ከሆነ ያዘነበለችው እሷ ናት። ልናገር አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ብናገርስ ማን ያምነኛል? ሐሙስም ዓርብም እንከን ያወጣሁ ሴትዮ፣ ቅዳሜም እንከን አገኘሁ ልበል? ዝም ብልስ? ከሰኞ ጀምሮ በየመንገዱ፣ ያ ሁሉ መኪና መሀል፣ ወደ ግራ የምትስባት ሞተር ላይ ልትቀመጥ ነው።

ከቦርሳዬ አንድ ጥቅል ነጭ ክር አወጣሁ። ወደ ሞተሯ ኋላ ሄጄ ጉልበቴ እየተንጫጫ ቁጢጥ አልኩና ክሩን በኋላ ጎማዋ ዙሪያ አሳለፍኩት። ሁለቱን ጫፎች በግራና በቀኝ፣ ጎማውን እያስነካሁ፣ ወደ ፊተኛው ጎማ ጎተትኩ። ቀሚስ ሲቆረጥ እንዲህ ነው፤ ዓይን ያባብላል፣ ክር ግን አያባብልም። ቀኙን ጫፍ ለጥድፊያ ሰጠኋት። ምን እያደረግሽ ነው አለች። አፌን በጣቴ አሳየኋት፣ መሪውን አቅኚ ብዬ በእጄ ጠቆምኳት። አቀናችው።

በግራ በኩል ክሩ የፊተኛውን ጎማ ነካው። በቀኝ በኩል በክሩና በጎማው መሀል ሁለት ጣት ይገባል።

ጥድፊያ ክሩን አየች፣ ወንበሩን አየች፣ እኔን አየች። «ብሎን» አለች ቀስ ብላ፣ «ይሄ ምንድን ነው?»

ብሎን ተንበረከከ። ሻንሲዋ ተጣሞ ከሆነ የሚያዋጣ አይደለም፣ ሻንሲ ማለት የሞተር አጥንት ነው አለ። እንዲህ ካለ በኋላ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። አጥንቷ ተጣሟል ቢል ማንም አይመረምረውም፤ ክሩ ምስክር ነው፤ ሰኞ ያልፋል፤ ልጅቷ እቤቴ ትቀራለች። የፈለግሁት ነገር በሙሉ በአንድ የብሎን ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ቆመ። እሷ ደግሞ ጆሮውን ታያለች።

መሐላዬን አፈረስኩት። «የሆነውን ንገራት» አልኩት። «የሆነውን ብቻ።»

ብሎን ተጋድሞ ከሥር ብዙ አየ። ሲነሳ ጀርባው አቧራ፣ ጆሮው እንደ ወትሮው ነበር። አጥንቷ ደህና ነው አለ። የኋላ ጎማዋ ነው ጠሞ የታሰረው። በጎማው በሁለቱም በኩል ትናንሽ መስመሮች አሉ፣ ጎማ ሲታሰር በግራም በቀኝም እኩል መስመር ላይ መዋል አለበት፤ በግራ አምስተኛው ላይ ነው፣ በቀኝ ሰባተኛው ላይ። ይፈታና ይስተካከላል።

«አይፈታም!» አሉ ሽማግሌው። «ተፈትታ አታውቅም አልኩ እኮ።»

ብሎን ሞተሯ ሳይሆን ጎማዋ ነው ብሎ መስመሮቹን ሊያሳያቸው ጎንበስ አደረጋቸው። ሽማግሌው አፍንጫቸው ብረቱን እስኪነካ ድረስ ተጠግተው «የቱ መስመር?» አሉ። ያችን ነገር ልብ አልኳት። ከዚያ ትዝ አላቸው፤ ካቻምና በዝናብ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው ራሳቸው ነቅለው፣ ራሳቸው መልሰው አስረውታል። ከዚያ ወዲህ ነው የግራ ጎናቸውን የሚያማቸው። ባለቤታቸው ከበሩ ላይ ወረዱ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅባት የማሽህ ለአንድ የጎማ ማሰሪያ ዳዶ ኖሯል? አሉ።

ብሎን ዳዶውን ፈታ፣ ጎማውን ገፋ፣ መስመሩን ቆጠረ፣ መልሶ አሰረ። ክሩን እንደገና ዘረጋነው። በግራም በቀኝም እኩል፣ ጥፍር የምታህል ክፍተት። ጥድፊያ ክሩን እንደያዘች ፈገግ አለችልኝ፣ ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያዋ ናት።

ሽማግሌው ልሞክራት ብለው ወጡባት። ግቢውን ሁለት ጊዜ በቀስታ ዞሩ። በሦስተኛው ዙር ጀርባቸው ቀጥ አለ፣ ትከሻቸው ወረደ። ሲቆሙ ሞተሯን አላጠፉም፣ አልወረዱምም። ወደ ፊት እያዩ «አልሸጣትም» አሉ።

ባለቤታቸው «ዓይንህስ!» ብለው ጀመሩና ተዉት። ጥድፊያ ደብተሯን ዘጋች፣ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ሁለት ቀን ሙሉ ይህችን ደብተር ስትዘጋ ለማየት ነበር የደከምኩት። አሁን አየሁት፤ ደስ ግን አላለኝም። ሰኞ ጠዋት ሌላ ሰው በእሷ ቦታ የበረዶ ሣጥን ሲያነሳ ታየኝ። በራሴ ተገረምኩ፤ እግሬ እኮ ወደ ሽማግሌው መሄድ ጀምሯል።

ከኮቴ አንገትጌ ላይ የሰካሁትን መርፌ ነቅዬ፣ ከጥቅሉ አንድ ክንድ ክር በጥሼ፣ ሁለቱን ዘረጋሁላቸው። «ጋሼ፣ እባክዎን ይቺን ክር ያስገቡልኝ፤ ለእኔ አልታይ አለችኝ።»

ተቀበሉኝ። የሰው ትንሽ ጥያቄ የሚያልፉ ሰው አይደሉም። መርፌውን አራቁት፣ አቀረቡት፣ ወደ ብርሃን አዞሩት። ክሩ በግራ አለፈ፣ በቀኝ አለፈ። ሃያ ዓመት የሰው ቆጣሪ ያነበቡ ዓይኖች ቀዳዳዋን ፈለጓት ፈለጓት። ሞተሯ ትንደቀደቃለች። ያፍራሉ ብዬ ስለፈራሁ ጠጋ ብዬ «እኔም እኮ አልችልም» አልኳቸው። «ለእኔ የምታስገባልኝ እሷ ናት። ጠዋት ሰባት ስምንት መርፌ በክር አዘጋጅታልኝ ነው የምትወጣው።»

ወደ ጥድፊያ አዩ። መርፌውንና ክሩን ሰጧት። ጥድፊያ ቀዳዳዋን እንኳ በወጉ ሳታይ አስገብታ መለሰችላቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ቀጥሎ በሆዳቸው ሳቁ። ሞተሯን አጠፉ፣ ወረዱ፣ ቁልፉን እጇ ላይ አኖሩ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፤ በወር አንድ ጊዜ በዚህ በኩል ስታልፊ ድምጿን አሰሚኝ አሏት።

እሁድ ብሎን ወንበሩን ነቅሎ አመጣልኝ። የግራውን ስፌት ፈታሁት፤ ስፖንጁን ሞላሁት፤ አዲስ ቆዳ ቆርጬ ግራና ቀኙን በአንድ ልክ ሰፋሁት። ለእናቷ የደወልኩላትም ያን ዕለት ነው። ሁሉንም ነገርኳት፤ ኮፍያውንም አልደበቅኋት። «ክሩን አንቺ ነሽ የዘረጋሽው?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። «እንግዲያ ትሂድ» አለች።

ሰኞ ሄደች። መስኮቴ ላይ ቆሜ የሞተሯ ድምፅ ከሌሎቹ እስኪለይልኝ ድረስ አዳመጥኩ፤ ለይቼው ሌሎቹ እስኪውጡት ድረስም አዳመጥኩ። መጨነቄን አላቆምኩም፣ አላቆምምም። አሁን ግን የምጨነቀው በዘዴ ነው። ማታ ስትመለስ መንገዱ እንዴት ነበር ብላት «ሰላም ነው» ከማለት በቀር ምንም አትነግረኝም። እኔም አልጨቀጭቃትም። ጫማዋን ስታወልቅ ደጅ ብቅ ብዬ ወንበሩን በመዳፌ እዳስሳለሁ። አንድ ወር ሆነው፤ ግራውም ቀኙም እኩል ነው፣ ፊቱም አላለቀም፣ ስለዚህ አትቸኩልም። ጥድፊያ አለመቸኮሏን የምናውቀው እኔና ወንበሩ ብቻ ነን።

ከኋላ በኩል አንዲት ትንሽ ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች፤ በጎንና በጎንዋም የጥፍር ምልክት። ብሎን በቀደም ዘይት ሊለውጥ መጥቶ አያትና ማን ነው የተቀመጠው፣ ገምቺ አለኝ። ጆሮዬ እንደ እሱ አይቀላምና፣ ጥፍሮቼን መዳፌ ውስጥ አጥፌ አላወቅሁትም አልኩት።